«ደኅና ነኝ» የሚለው ሕመምተኛና የጤናችን አኃዞች

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ እንደ ምርጫ ውዝግብ ወይም እንደ ሥልጣን ሽኩቻ ደም የሚያሞቅ አይደለም። ሆኖም ከፖለቲካ ውጭ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ካለ ተሳስቷል። ጉዳዩ መንግሥት ስለ ሕዝቡ ጤና የሚያውቀውን ከማን ጠይቆ ነው የሚያውቀው የሚለው ነው።

ከአንድ ምሳሌ ልነሣ። በ2003 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት ክትባት ሁለት አኃዞች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አንደኛው ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞንና ወደ ክልል እየተደመረ የወጣው የአስተዳደር ሪፖርት ነው። በዚህ ሪፖርት መሠረት የፔንታቫለንት ክትባትን ሦስተኛ ዙር የወሰዱት ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ ነበሩ። ሁለተኛው በዚያው ዓመት የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ቤት ለቤት ያካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ነው። ይህ ጥናት እናቶችን ጠይቆ፣ የክትባት ካርድ ካለም ካርዱን አይቶ ያገኘው ውጤት 37 በመቶ ገደማ ነበር። ጥናቱም የራሱ ጉድለት አለው፤ ካርድ የጠፋባት እናት ትረሳለች፣ ጠያቂውም ይሳሳታል ብለው የተከራከሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ክርክራቸውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከ40 በመቶ በላይ የሆነ ክፍተት በእናቶች መርሳት ብቻ አይሞላም። በዚያ ክፍተት ውስጥ በወረቀት ላይ የተከተቡ፣ በአካል ግን መርፌ ያልነካቸው ሕፃናት ነበሩ። ኩፍኝ ወደ መንደር ሲገባ የሚያገኘው የወረዳውን ሪፖርት ሳይሆን እነዚህን ሕፃናት ነው።

ለመሆኑ ሪፖርቱ ለምን ከእውነታው ራቀ? መልሱን ለማግኘት ክፉ ሰው መፈለግ አያስፈልግም። የቀበሌው ሠራተኛ የሚመዘነው በዕቅድ አፈጻጸም ነው፤ የወረዳው ኃላፊ የሚሾመውም የሚሻረውም በዚያው ሚዛን ነው። ዕቅዱ 90 ከሆነ 60 ብሎ የሚጽፍ ሰው ራሱን ለግምገማ አሳልፎ ይሰጣል። እያንዳንዱ ደረጃ ጥቂት ጥቂት ሲጨምር ከላይ የሚደርሰው አኃዝ ማንም ያልዋሸበት፣ ነገር ግን እውነትም ያልሆነ ይሆናል። በዚህ ላይ የማካፈያው ቁጥር አለ። በወረዳው ስንት ሕፃናት እንዳሉ በትክክል የማይታወቅ ከሆነ የተከተቡት ስንት እጅ እንደሆኑም አይታወቅም። የዳሰሳ ጥናት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጠያቂው የሚያናግራት እናት ዕቅድ አልተሰጣትም፤ በአኃዙ ማነስም አትገመገምም።

ሁለተኛ ምሳሌ ልጨምር። እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን የኤች አይ ቪ ሥርጭት የሚገመተው በዋናነት ለቅድመ ወሊድ ክትትል ወደ ጤና ተቋማት ከሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ከሚወሰድ ደም ነበር። በዚህ መንገድ የተሠራው ግምት ለ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) 3.5 በመቶ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ፈቃደኛ ከሆኑ ሴቶችና ወንዶች በየቤታቸው ደም ወስዶ አስመረመረ፤ ውጤቱም 1.4 በመቶ ሆነ። ነገሩ እንቆቅልሽ አልነበረም። ናሙና የሚወሰድባቸው ተቋማት በከተሞችና በመንገድ ዳር የሚያዘነብሉ ሲሆኑ፣ አብዛኛው ሕዝባችን ግን ከመንገድ ርቆ የሚኖር ገበሬ ነው። በሌላ በኩል የቤት ለቤቱ ጥናት ለመመርመር ፈቃደኛ ያልሆኑትንና ቤት ያልተገኙትን ያጣል። ሁለቱን አገናዝቦ በ1999 ዓ.ም. የወጣው ስምምነት የተደረሰበት ግምት 2.1 በመቶ ነበር። ልብ በሉ፤ በ3.5 እና በ2.1 መካከል ያለው ልዩነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ማለት ነው። ስንት መድኃኒት ይገዛ፣ ለየትኛው ክልል ስንት ይላክ የሚለው ሁሉ በዚህ ላይ ይወሰናል።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን ስለ አኃዝ ያለንን ባህል እንመርምር። በአገራችን የፖለቲካ ክርክር ውስጥ አኃዝ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ባንዲራ የሚውለበለብ ነገር ሆኗል። የመንግሥት ደጋፊ የሆነ ሰው መልካም አኃዝ ሲያገኝ የመሪዎቹ ገድል አድርጎ ያነበዋል፤ ተቃዋሚ የሆነው ደግሞ የመንግሥት ማኅተም ያረፈበትን ሁሉ ሐሰት ነው ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም ጥናቱን አላነበቡትም። ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992 ዓ.ም. ጥናት 166 ነበሩ፤ በ1997 ወደ 123፣ በ2003 ወደ 88፣ በ2008 ወደ 67 ወረዱ። ይህን የነገሩን ካድሬዎች አይደሉም፤ የወለዱትንም የቀበሩትንም ልጅ አንድ በአንድ የቆጠሩ በብዙ ሺህ የሚገመቱ እናቶች ናቸው። ይህን መካድ የእነርሱን ምስክርነት መካድ ነው። በዚያው ልክ ስለ ክትባት 37 በመቶ ብለው የመሰከሩትም ያው እናቶች ናቸው። ደስ ያለንን ምስክርነት ተቀብለን ያላስደሰተንን መጣል ፍርድ አይባልም።

ሌላው ችግራችን አኃዝን እንደ ድንጋይ የጸና አድርጎ መያዝ ነው። ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች በ1997 ዓ.ም. 673፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 676 ተባሉ። ያን ጊዜ «የእናቶች ሞት ጨመረ» ብሎ ያለቀሰም፣ «ምንም አልተለወጠም» ብሎ የደመደመም ነበር። ጥናቱ ራሱ ግን በ2003 እውነተኛው ቁጥር ከ541 እስከ 810 ባለው መካከል በየትኛውም ቦታ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። በ2008 የተገኘው 412ም ቢሆን ከ273 እስከ 551 የሚደርስ ስፋት ነበረው። የስፋቱ ምክንያት የሞተች እናት ለመጠይቅ መልስ ስለማትሰጥ ነው። ጠያቂዎቹ እያንዳንዷን ሴት «ከእናትሽ የተወለዱ እኅቶችና ወንድሞች ስንት ናቸው? በሕይወት የሌለችው እኅትሽ ስትሞት ነፍሰ ጡር ነበረች? በወሊድ ላይ ነበረች? ወይስ ከወለደች በኋላ?» እያሉ ይጠይቃሉ። የአገሪቱ የእናቶች ሞት አኃዝ የቆመው እኅት ስለ እኅቷ በሰጠችው ምስክርነት ላይ ነው። እንዲህ ያለ አኃዝ በአክብሮትና በጥንቃቄ ይያዛል እንጂ ለግማሽ ቀን የዜና ርእስ አይውልም።

የጥናቶቹን ድካም መሸፈንም አልፈልግም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው የመለኪያችንን በሽታም መናገር አለብን።

በመጀመሪያ፣ ናሙና የሚመዘዘው ከሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. መካሄድ ሲገባው ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተላለፈ። የ2008ቱ ጥናት ናሙናውን የመረጠው ከ1999ኙ ቆጠራ ዝርዝር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ከተማ አበጠ? ስንት መንደር ፈረሰ? ስንት ሰው ተፈናቀለ? ባረጀ ዝርዝር የሚመረጥ ናሙና የድሮዋን ኢትዮጵያ እየጠየቀ የዛሬዋን ለመግለጥ የሚጥር ይሆናል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ጠያቂው ያልደረሰበት ቦታ አለ። በ2003ቱ ጥናት በሶማሌ ክልል ከተመረጡት የቆጠራ ቦታዎች በከፊሉ በድርቅና በጸጥታ ችግር ምክንያት መጠየቅ አልተቻለም። ጦርነትና ረኀብ ባለበት አካባቢ ጤና እጅግ እንደሚጎዳ ለማንም ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ጦርነት ጠያቂውንም ያስቀራል። ስለዚህ አገራዊው አማካይ ከሁሉ ይልቅ የተጎዱትን ሳይጨምር ሊወጣ ይችላል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ ሕዝቡ የደረሰበትን በጊዜው ቤት ለቤት የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም። የተቀረው ለየወገኑ የፕሮፓጋንዳ አኃዝ ተተወ።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የሰው ጠባይ አለ። ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ሰው 30፣ 35፣ 40 ይላል፤ በዕድሜ ሠንጠረዦቻችን ላይ እነዚህ ቁጥሮች እንደ ጉብታ ከፍ ብለው ይታያሉ። ጠያቂውም ሰው ነው። መጠይቁ ከአምስት ዓመት በታች ስላለ ልጅ ብዙ ገጽ ጥያቄ ስላለው፣ የደከመ ጠያቂ የአራት ዓመቱን ልጅ አምስት ዓመት ያለፈው አድርጎ በመጻፍ ግማሽ ሰዓት ሊያተርፍ ይችላል። ይህ በብዙ አገሮች የሚታወቅ፣ በእኛም ጥናቶች ላይ የተስተዋለ ችግር ነው። ለመስክ ሥራ የተሰማሩ ተማሪዎቼ ውሎ አበላቸው እየዘገየ፣ በቀን የሚጨርሱት ቤት ቁጥር እየተጨመረ መሥራታቸውን ሲነግሩኝ የአኃዙ ጥራት ከየት እንደሚጀምር ይገባኛል። የሚጀምረው ከቢሮው ኮምፒውተር ሳይሆን ከጠያቂው ጫማና ከእራቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። እስካሁን ያነሣሁት ሞትና ክትባት ይቆጠራሉ። የሕመምተኛ ደኅንነት ግን፣ ማለትም በሆስፒታል ውስጥ እንዴት ተስተናገደ? ክብሩ ተጠበቀ ወይ? ከሄደ በኋላ ሕይወቱ ቀለለው ወይ? የሚለው፣ እንዲሁ በቀላሉ አይቆጠርም። መንግሥት በጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ዓላማው አድርጎ ነበር። ሆስፒታሎችም የተገልጋይ እርካታን እየለኩ እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ። ዓላማው ቅዱስ ነው። አለካኩ ግን ምን ይመስላል?

ሰላምታችንን እንመልከት። አንድ ኢትዮጵያዊ «እንዴት ነዎት?» ሲባል አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ ሌላው «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ልጁን ትናንት የቀበረም፣ ኩላሊቱ የታመመም እንዲሁ ይመልሳል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ይሉኝታና ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለበት ሕዝብ ቸርነት ያደረገለትን ሰው ፊት ለፊት አይወቅስም። በአንድ ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሠራተኛ እርሳስና ወረቀት ይዞ አንዲት አረጋዊት እናትን «እማማ፣ በአገልግሎታችን ረክተዋል?» ሲል ሰምቻለሁ። «ተመስገን ልጄ! እናንተስ ምን ታደርጉ፤ እጃችሁ ይባረክ» አሉት። እርሱም «በጣም ረክቻለሁ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። እኒያ እናት ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈው ነበር፤ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ከግቢው ፋርማሲ አጥተው ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውታል። የበሽታቸውን ስም የነገራቸውም አልነበረም። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን አንዲት የረኩ ተገልጋይ ሆነው ይቆጠራሉ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእናትየዋም የጠያቂውም አይደለም፤ የጥያቄው ነው። «ረክተዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚለካው አገልግሎቱን ሳይሆን የተጠያቂውን ጨዋነትና ከመጀመሪያው የነበረውን ተስፋ ማነስ ነው። ከሐኪም ቤት ምንም ያልጠበቀ ሰው በጥቂቱ ይረካል። ብዙ የጠበቀ ሰው ደግሞ በተሻለ ተቋም ውስጥ ሆኖም ያማርራል። በዚህ መለኪያ ብንሄድ ድሀው የገጠር ጤና ጣቢያ ከከተማው ሆስፒታል ልቆ ይገኝና «ገጠሩ ምንም አላጣም» የሚል ድምዳሜ ላይ እንደርሳለን። ከዚህ የበለጠ አደገኛ አኃዝ አለን?

የቃላት ጉዳይም አለ። በ2003ቱ ጥናት በጤና ተቋም ያልወለዱ ሴቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ 61 በመቶዎቹ «አስፈላጊ አልነበረም» ብለው መለሱ። ከዚህ ተነሥቶ «ሴቶቹ ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው፤ እናስተምራቸው» ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን «አስፈላጊ አልነበረም» የምትል ሴት ምን ማለቷ ነው? መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው? ዘመዷ ሄዳ ተሰድባ ስለተመለሰች ነው? የሰው ዓይን ስለፈራች ነው? አንድ ሣጥን ውስጥ የገባች ምልክት ይህን አትናገርም። በ2008ቱ ጥናት ከአሥር ሴቶች ሰባቱ ሕክምና ለማግኘት ቢያንስ አንድ ከባድ እንቅፋት እንዳለባቸው ተናግረዋል፤ ከእንቅፋቶቹም ገንዘብና ርቀት ግንባር ቀደም ነበሩ። እንቅፋቱ በስሙ ተጠርቶ ሲጠየቅ ሕዝቡ ይመልሳል ማለት ነው።

የመንፈስ ጭንቀትን የሚለኩ መጠይቆችም እንዲሁ ናቸው። በሌላ ቋንቋ ተዘጋጅተው ቃል በቃል ሲተረጎሙ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶዎታል?» ይላሉ። ተስፋ መቁረጥ ለአማኝ ሰው ኀጢአት ነውና «በፍጹም!» ብሎ ይመልሳል። ያው ሰው ግን «ሆዴን ባር ባር ይለኛል፤ ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል፤ እንቅልፍ ነሳኝ» እያለ ከጸበል ወደ ክሊኒክ ይመላለሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ አካባቢ ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የመሠረተው የረጅም ጊዜ ክትትል በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። አንድን ሕዝብ ለዓመታት ተከታትሎ፣ በራሱ አነጋገር ጠይቆ፣ የመጠይቁን መልስ ከሐኪም ምርመራ ጋር አመሳክሮ መሥራት እንደሚቻል በአገራችን ባለሙያዎች እጅ ታይቷል። እንግዲህ ችሎታው የለም ማለት አንችልም።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? የጎደለው ባለቤትነት ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ትልልቅ ጥናቶች በአገር ልጆች የተሰበሰቡ ቢሆኑም፣ የቴክኒክ ድጋፋቸውና የገንዘባቸው ትልቁ ክፍል በአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት በዩኤስኤአይዲ በሚደገፈው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም በኩል የመጣ ነበር። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ከ90 በላይ በሆኑ አገሮች ሠርቷል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በዋሽንግተን በተላለፈ ውሳኔ ተቋረጠ፤ ድርጅቱ ራሱም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር መጨረሻ ሥራውን አቆመ። የመረጃ ቋቱም ለአዲስ ጠያቂዎች ለጊዜው ተዘጋ። የዚያች የባሌና የዋግ እናት ምስክርነት፣ በራሳችን ቋንቋና በራሳችን የዘመን አቆጣጠር የተመዘገበው የልጇ ልደትና ሞት፣ ከባሕር ማዶ በአንድ ፊርማ ሊዘጋ በሚችል በር ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ስለ ሉዓላዊነት ሌት ተቀን የምንናገር ሰዎች ይህን ጉዳይ ያላነሣነው ለምንድን ነው? ስለ ራስ ማወቅ ከሉዓላዊነት የሚቆጠር አይደለምን?

ለሚመለከታቸው ሁሉ አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ሕመምተኛን ስለ ደረሰበት ነገር እንጂ ስለ ስሜቱ አስቀድመን አንጠይቀው። «ስንት ሰዓት ጠበቁ? የበሽታዎን ስም ነገሩዎት? ሲመረመሩ መጋረጃ ነበረ? የታዘዘልዎን መድኃኒት እዚሁ አገኙ ወይስ ውጭ ገዙ? የተቆጣዎት ሰው ነበረ?» እንበለው። ይሉኝታ ያለው ሰው እንኳ ለእነዚህ ጥያቄዎች እውነቱን ይናገራል፤ ማንንም እየወቀሰ አይመስለውምና።

ሁለተኛ፣ የሚጠይቀው ሰው ከሚጠየቅበት ተቋም ደመወዝ የማይቀበል ይሁን፤ የሚጠየቅበትም ቦታ ከግቢው ውጭ፣ ሕመምተኛው ቤቱ ከገባ ከቀናት በኋላ ይሁን። ነገ ተመልሶ የሚታከምበትን ቤት በደጁ ቆሞ የሚያማ ሰው የለም።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ መልካምም ይሁን ክፉ በጊዜው ይታተም። የግለሰቦች ማንነት ተጠብቆ ጥሬ መረጃው ለዩኒቨርሲቲዎችና ለጋዜጠኞች ይከፈት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለተጠየቀው ቀበሌ ተመልሶ ይነገር። ሕዝባችን ለአሥርት ዓመታት ተጠይቋል፤ «ከነገራችሁን ተነሥተን ይህን አደረግን» ብሎ የተመለሰ ሰው ግን እምብዛም አላየም። መልስ የማይመለስለት ሰው ውሎ አድሮ የሚሰጠው መልስ ሁሉ «ደኅና ነኝ» ብቻ ይሆናል።

አራተኛ፣ ቆጠራውና የጤና ጥናቱ በአገር በጀት ይያዙ። ድሀ አገር ነን፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ለበዓል አከባበርና ለስብሰባ አዳራሽ የሚገኝ ገንዘብ ሕዝብን ለመጠየቅ ሲሆን የሚጠፋበት ምክንያት የድህነት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የስታቲስቲክስ አገልግሎቱም አኃዙን ከማውጣቱ በፊት የማንንም ባለሥልጣን ፈቃድ የማይጠይቅበት ዋስትና በሕግ ይሰጠው። የራሱን ውጤት ለማተም ፈቃድ የሚለምን መሥሪያ ቤት ቴርሞሜትሩን በእጁ እያሞቀ ትኩሳት እንደሚለካ ሐኪም ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አበው። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ እምነቴ ግማሽ ነው። ንጋት ማንም ባይጠራው በሰዓቱ ይመጣል። በወሊድ የሞተችው እኅት እውነት ግን በራሱ አይነጋም፤ በጭቃው መንገድ ተጉዞ፣ በሯን አንኳኩቶ፣ የምትመልሰውንም ሳይፈራ በሕይወት ያለችውን እኅቷን የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል። ያን ሰው የመላክና ይዞት የመጣውን ቃል የማክበር ግዴታ የመንግሥት ነው፤ ግዴታውን እንዲወጣ የመወትወት ግዴታ ደግሞ የእኛ ነው።